ሰባት ቀጠሮ ጨርሻለሁ፤ ልቀጥል ወይስ ይብቃኝ?

ጥያቄ

«ዶክተር፣ እባክዎ አንቱ አይበሉኝ፤ 29 ዓመቴ ነው። ከስምንት ወር በፊት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ እያለሁ ልቤ ድንገት ይደልቅ ጀመር። ትንፋሽ አጠረኝ፣ እጄ ደነዘዘ፣ አሁን ሞትኩ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ታክሲ መሳፈር ፈራሁ። አባቴ ካረፈ ደግሞ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከእሱ በኋላ ምንም ነገር አይጥመኝም፤ ክፍሉን እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም። ሳይኮሎጂስት ጋር በየሳምንቱ እየሄድኩ ሰባት ቀጠሮ ጨርሻለሁ። ታክሲው ላይ ለውጥ አለ። ሐዘኑ ግን እንዳለ ነው። ባለሙያዋ ገና አሥር ያህል ቀጠሮ ይቀረናል ብላኛለች። እናቴ ‹ጠበሉ እንኳ ሁለት ሱባኤ ነው፤ ይሄ የወሬ ሕክምና ስንት ሱባኤ ሊሆን ነው?› ትላለች። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ቴራፒስት ጋር ስትመላለስ ኖራለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ አራት ቀጠሮ በቅቶታል። ማን ነው ልክ? ሲረዝም ይበልጥ ይሠራል ማለት ነው? ገንዘቡም ቀላል አይደለም።»

ምላሽ

እሺ፣ አንቺ እልሻለሁ። አንድ ነገር ግን ላርም። እኔ ሳይኮሎጂስት ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። አገሩ ሁሉ ዶክተር ይለናል፤ እኛም ደስ ስለሚለን ዝም እንላለን። አሁን ያነሣሁት በምክንያት ነው። የልብ ድለቃና የትንፋሽ ማጠር ከታይሮይድ፣ ከደም ማነስ ወይም ከልብ ምት ችግርም ሊመጣ ይችላል። እስካሁን ሐኪም ካላየሽ ሄደሽ ተመርመሪ። ምንም የለብሽም ከተባልሽ እዚያ ላይ ይብቃ። በየሳምንቱ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) መነሣት ራሱ ፍርሃቱን ይመግበዋል።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ የእናትሽን አባባል ወድጄዋለሁ። ጠበል የሚገባ ሰው ከመግባቱ በፊት ቀኑን ያውቀዋል። አንድ ሱባኤ ሰባት ቀን ነው፣ ሁለቱ አሥራ አራት። እኛ ዘንድ የሚመጣው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ሳይነገረው ይጀምራል። የሚያቆመውም ወይ ገንዘቡ ሲያልቅ ነው፣ ወይ ሲሰለቸው። «ስንት ጊዜ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ለአሥርተ ዓመታት የተጠና ጥያቄ ነው።

(ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

በ1986 ኬኔት ሃዋርድ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ30 ዓመት ውስጥ የተሰበሰቡ 15 የታካሚ መረጃዎችን አንድ ላይ አደረገ። በድምሩ 2,431 ሰዎች ናቸው። በስንተኛው ቀጠሮ ስንቱ ሰው ይሻለዋል ብለው ቆጠሩ። እስከ 8ኛው ቀጠሮ ግማሽ ያህሉ ተሽሏቸዋል። እስከ 26ኛው ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ። ሒሳቡን ልብ በይው። የመጀመሪያዎቹ 8 ቀጠሮዎች ግማሹን ሰው ሲያሻሉ፣ ቀጣዮቹ 18 የጨመሩት ሩቡን ብቻ ነው።

ልብስ ስታጥቢ የመጀመሪያው ውኃ ነው ጠቁሮ የሚወጣው። ሦስተኛው፣ አራተኛው ላይ ውኃው ይጠራል። ልብሱ አሁንም እየጸዳ ነው፤ በአንድ ውኃ የሚወጣው እድፍ ግን ያንሳል። ቴራፒም በአብዛኛው እንደዚያ ነው። ስለዚህ የባልደረባሽ አራት ቀጠሮ ተረት አይደለም። ቶሎ የሚሻላቸው ሰዎች በርግጥ አሉ፣ ቁጥራቸውም ትንሽ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን «ተሻለው» የሚለው ቃል ያሳስታል። ተሻለው ማለት ከመጣበት ተሻለ ማለት ነው። «ዳነ» ማለት ሌላ ነው። በ2001 ማይክል ላምበርትና ባልደረቦቹ መለኪያውን ጠበቅ አደረጉት። ሰውዬው ጤነኛ ሰዎች ያሉበት መጠን ውስጥ ካልገባ አንቆጥረውም አሉ። በዚህ መለኪያ ግማሹ ሰው እዚያ ለመድረስ 21 ያህል ቀጠሮ አስፈለገው። ከአራቱ ሦስቱ እንዲደርሱ ደግሞ ከ40 በላይ። ሁለቱ ቁጥሮች አይጋጩም፤ የሚለኩት ሌላ ሌላ ነገር ነው። ሰው «በስምንት ቀጠሮ ይለቅሻል» ሲልሽ፣ ምኑ ነው የሚለቀኝ ብለሽ ጠይቂው።

እንግዲህ እስካሁን ያልኩትን ይዘሽ «ሲረዝም ይበልጥ ይሠራል» ብትዪ አልፈርድብሽም። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ ነበር የገባኝ። ቴራፒን እንደ መድኃኒት ነው የማስበው፤ መጠኑ ሲጨምር ጉልበቱ ይጨምራል። የተሳሳትኩት የት እንደሆነ ያሳየኝ ሌላ ጥናት ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ዊልያም ስታይልስ፣ ማይክል ባርክሃምና ስዊ ዊለር የ26,430 ታካሚዎችን መረጃ መርምረው በ2015 አሳተሙ። ሁሉም ሕክምናውን ከባለሙያቸው ጋር ተስማምተው የጨረሱ ናቸው። አንዳንዱ ጥቂት ጊዜ ብቻ መጥቷል፣ ሌላው እስከ 40 ጊዜ። መድኃኒት ቢሆን ኖሮ 30 ጊዜ የመጣው 5 ጊዜ ከመጣው በብዙ እጥፍ መዳን ነበረበት። አልሆነም። በጠቅላላው ከመቶው 60 ያህሉ በግልጽ ተሽሏቸዋል፤ ይህ ድርሻ ከቀጠሮው ብዛት ጋር አላደገም። እንዲያውም ብዙ ቀጠሮ የወሰዱት ዘንድ ትንሽ ዝቅ ይል ነበር።

ምን ማለት ነው? መብዛቱ ይጎዳል ማለት ነው? አይደለም። ሆስፒታል 40 ቀን የተኛ ሰው 4 ቀን ከተኛው አሥር እጥፍ ጤነኛ ሆኖ ይወጣል ብሎ የሚያስብ የለም። 40 ቀን የተኛው ሕመሙ ከባድ ስለሆነ ነው። አራት ቀን የተኛውም ቶሎ ስለተሻለው ወጣ። ቴራፒ ላይም እንደዚያው ነው። ሰዎች «አሁን ይበቃኛል» የሚሉበት ቦታ ሲደርሱ ይሄዳሉ። አንዱ በ5 ይደርሳል፣ ሌላዋ በ30። መጨረሻ ላይ ስትለኪያቸው ሁለቱም ተቀራራቢ ቦታ ላይ ናቸው። የቀጠሮው ብዛት ከሰውዬው ፍጥነት ተነሥቶ የሚወሰን ነው። እኛ ግን ገልብጠነው ብዛቱ ሰውን የሚያድን ይመስለናል።

ስለዚህ የአክስትሽ ልጅና ባልደረባሽ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የእሷ ሦስት ዓመት ለአንቺ አይለካም፣ የእሱም አራት ቀጠሮ።

ግን ልብ በይ፤ ያ የእንግሊዙ መረጃ ተስማምተው የጨረሱትን ብቻ ነው የያዘው። ብድግ ብሎ የጠፋውን አይጨምርም። የሚጠፋው ደግሞ ብዙ ነው። ላምበርትና ባልደረቦቹ በ2002 አሜሪካ ውስጥ በመደበኛ አገልግሎት የታከሙ ከ6,000 በላይ ሰዎችን ሲቆጥሩ፣ በአማካይ አንድ ሰው 5 ጊዜ እንኳ አልመጣም። ከመቶው የተሻላቸው 20 ያህሉ ብቻ ናቸው። በተደራጁ ጥናቶች ውስጥ ግን በአማካይ 13 ያህል ቀጠሮ ነበር፤ የተሻላቸውም ከግማሽ በላይ። ስለዚህ «ጥቂት ይበቃል» የሚለው ለሁሉ አይደለም። በቅቶት የሄደና ተስፋ ቆርጦ የቀረ ሰው መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ነው የሚመስሉት።

እኛ አገር ሌላም ነገር አለ። ይሉኝታ። ሰው «አልጠቀመኝም» ብሎ ፊት ለፊት ከሚናገር ስልኩን ቢያጠፋ ይመርጣል። የተገላቢጦሹም ይሆናል። ከዓመታት በፊት አንዲት ታካሚ ነበረችኝ። ከዓመት በላይ ተመላለሰች። አንድ ቀን ሥራዋን፣ ልጇን፣ አዲሱን ቤቷን ሁሉ አውርታልኝ ስታበቃ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሁን እኮ የምመጣው እርስዎን ላለማስቀየም ነው» አለችኝ። ስንት ወር ሆነሽ ብላት አራት ወር። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ደህና መሆኗን እያየሁ «የት ደረስን?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ለምን እንዳልጠየቅኋት ሳስበው ደስ አይለኝም። እኔም የምበላው ከቀጠሮ ነው፤ የተመቸ ታካሚ ደግሞ ለባለሙያም ይመቻል። ከዚያ ወዲህ በየስድስት ቀጠሮው ቆመን እንገመግማለን።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ ልግባ። አንቺ አንድ ችግር ይዘሽ አልሄድሽም፣ ሁለት ነው። የሁለቱ ርዝመት ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው የታክሲው ነው። ከጻፍሽው የፓኒክ፣ ድንገት የሚመጣ ብርቱ የፍርሃት መናጥ፣ ነገር ይመስላል፤ ምርመራው ግን የባለሙያዋ ነው። ፓኒክ በትክክል ከተያዘ ረጅም ሕክምና ከማይፈልጉት ውስጥ ነው። ዴቪድ ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ ከባልደረቦቹ ጋር በ1999 ሁለት ዓይነት ሕክምና አወዳደረ። አንዱ እስከ 12 ቀጠሮ የሚሄድ ነው። ሁለተኛው 5 ቀጠሮ ብቻ ሆኖ፣ በመካከሉ ታካሚው ቤቱ እያነበበ የሚሠራው የቤት ሥራ አለው። በውጤት ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ 43 ሰው ብቻ። ቢሆንም መልእክቱ ከእኔ ልምድ ጋር ይገጥማል። ፓኒክ ላይ ብዙውን ሥራ የሚሠራው በሁለት ቀጠሮ መካከል ያለው ሳምንት ነው። ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ ያለውን መንገድ የምትሳፈሪው አንቺ ነሽ። ልብሽ ሲደልቅ «ወራጅ አለ» ብለሽ ሳትወርጂ የምትቆዪው አንቺ ነሽ። ባለሙያዋ ሚኒባሱ ውስጥ የለችም።

ፍርሃቱ አንድን ነገር ብቻ የሚመለከት ሲሆን፣ ለምሳሌ ሸረሪት ወይም መርፌ፣ ከዚህም ያጥራል። ስዊድናዊው ላርስ ጎራን ኦስት እስከ ሦስት ሰዓት በሚፈጅ አንድ ቀጠሮ ብቻ እንዲህ ያለውን ፍርሃት ማከም እንደሚቻል ካሳየ ቆይቷል። አንድ ቀጠሮ! እናትሽ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

ሁለተኛው የአባትሽ ነገር ነው። ነፍስ ይማር። እኛ ለሐዘን ልክ ሠርተንለታል። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሰው በየደረጃው ትንሽ ትንሽ እያለ ጥቁሩን ያወልቃል። የሚገርመው፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2022 የተራዘመ ሐዘንን በምርመራ መመሪያው ውስጥ ሲያስገባ፣ ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 12 ወር ካለፈ በኋላ ነው አለ። ሙት ዓመት ማለት ነው። ያንቺ ሁለት ዓመት አልፎ የአባትሽ በር እንደተዘጋ ነው። ይህ ማለት በሽታ አለብሽ ማለት አይደለም። ምናልባት ድብርት ነው፣ ምናልባት የተራዘመ ሐዘን፣ ምናልባትም ሁለቱም። በራሱ ጊዜ ያልፋል ብሎ መጠበቅ ግን አሁን አያዋጣም።

ለተራዘመ ሐዘን ካትሪን ሺር የሚባሉ አሜሪካዊት የሥነ አእምሮ ሐኪም የነደፉት ሕክምና አለ። በ2005 ከሌላ የታወቀ ቴራፒ ጋር አወዳድረው አሳተሙት። ከመቶው 51 ያህሉ ጥሩ ለውጥ አሳዩ፣ በሌላኛው ደግሞ 28። ርዝመቱ ስንት መሰለሽ? 16 ቀጠሮ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም ጠንከር ላለ ድብርት በግል ለሚሰጥ ሲቢቲ (አስተሳሰብንና ልማድን በመለወጥ ላይ የሚሠራ ቴራፒ) የሚለው በአብዛኛው 16 ነው፤ ቀለል ላለው 8። ሼፊልድ ውስጥ በ1994 የታተመ ጥናትም 117 ድብርት ያለባቸውን ሰዎች ለ8ና ለ16 ቀጠሮ ከፍሎ ሲያይ፣ ቀለል ያለባቸው ላይ ልዩነት አልነበረም። የከበደባቸው ግን 16ቱ ጠቀማቸው።

ሰባት ጨርሰሻል። አሥር ይቀራል ተባልሽ። አሥራ ሰባት መሆኑ ነው። ባለሙያዋ ቁጥሩን ከኪሷ አላወጣችውም።

ታዲያ ታክሲው ቀድሞ ሐዘኑ ለምን ቀረ? ይህም የተለመደ ነው። ሃዋርድ በኋላ በ1993 እንደጻፈው፣ ለውጥ በደረጃ ይመጣል። መጀመሪያ ተስፋ ይመለሳል፤ «የሚያግዘኝ ሰው አገኘሁ» የሚለው ስሜት። ቀጥሎ ምልክቶቹ ይቀንሳሉ፤ እንቅልፍ፣ ድለቃ፣ ልቅሶ። መጨረሻ ላይ ኑሮው ራሱ ይስተካከላል፤ ሥራ፣ ትዳር፣ ከቤተሰብ ጋር ያለ ነገር። የመጨረሻው ነው ጊዜ የሚወስደው። የሚያቆመው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ላይ ነው የሚያቆመው። ተኝቼ አደርኩ፣ ታክሲ ገባሁ፣ በቃኝ ይላል።

ስለ አክስትሽ ልጅ ትንሽ ልበል። የእሷን ጉዳይ ስለማላውቅ አልፈርድም። ሦስት ዓመት የሚያስፈልገው ሰው ግን አለ። ለንደን ውስጥ ታቪስቶክ ክሊኒክ በ2015 ያሳተመው ጥናት መድኃኒትም ሌላም ሞክረው ድብርታቸው ያልለቀቃቸውን 129 ሰዎች ይዟል። ከፊሎቹ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ ለ18 ወር በየሳምንቱ ረጅም ቴራፒ ወሰዱ። ሕክምናው ባለቀበት ጊዜ ልዩነቱ ብዙ አልነበረም። ጎልቶ የታየው ካለቀ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ነው። ሄልሲንኪ ውስጥም 326 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አጭሩን የወሰዱት ቀደሙ። በሦስተኛው ዓመት ረጅሙን የወሰዱት አለፏቸው። ሥር የሰደደ ነገር፣ ከልጅነት የመጣ ነገር፣ ሰውነትን ሁሉ የያዘ ነገር በስምንት ቀጠሮ አይነቀልም።

ግን እዚህም ላይ መርዘም ሁልጊዜ አይረታም። ስሜታቸው በጣም ለሚዋዥቅና ራሳቸውን ለሚጎዱ ሰዎች የሚሰጥ ዲቢቲ የሚባል ሕክምና አለ። ልማዱ አንድ ዓመት ነው። ካናዳ ውስጥ 240 ሰዎች ላይ ስድስት ወሩና አንድ ዓመቱ ሲወዳደሩ ስድስት ወሩ አልተበለጠም፤ ውጤቱ የወጣው በ2022 ነው። ለእኛ ቀረብ ያለውን ብናይ ደግሞ፣ የዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ ውስጥ ሰው እንዲያማክሩ ሠልጥነው አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ የሰፈር ሴቶች፣ ብዙዎቹ አያቶች፣ በ6 ቀጠሮ የሰዎችን ድብርትና ጭንቀት በግልጽ ቀንሰዋል። 573 ሰው የተሳተፈበት ጥናት ነው፣ በ2016 የታተመ። ኡጋንዳ ውስጥ የነበሩ የሱዳን ስደተኞችም ያዩትን መከራ በቅደም ተከተል በሚተርኩበት ሕክምና ከ4 ቀጠሮ በኋላ ዓመት ቆይተው ሲታዩ፣ ብዙዎቹ ከጦርነቱ ጠባሳ ወጥተው ነበር።

ቀን መቁረጥ ራሱ ሰውን ያነቃዋል። የሼፊልዶቹ 8 ብቻ የተባሉት ሰዎች 16 ከተባሉት ይልቅ ፈጠን ብለው ተለውጠዋል። ፈተና ሲደርስ ነው ደብተር የሚከፈተው። የንግግር ሕክምና አባት የሚባለው ፍሮይድም ይህን ያውቅ ነበር። ከ1910 ጀምሮ የሚያክመው አንድ ሩሲያዊ ወጣት ነበረው፤ ምቾቱ ተመችቶት ፈቅ አልል አለ። ፍሮይድ ቀን ቆረጠለት፣ ከዚህ ወዲያ አላይህም አለው። ያኔ ነገሩ ተንቀሳቀሰ፣ በ1914 ጨረሱ። ሰውዬው ግን ከዚያም በኋላ በተለያዩ ባለሙያዎች ዘንድ ለአሥርተ ዓመታት ሲመላለስ ኖረ። ስለዚህ ቀን መቁረጥ ላይም ብዙ አልመካም።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ብዙ ሰው ወጪ ሲከብደው በየሳምንቱ የነበረውን በወር አንዴ ያደርገዋል። ይገባኛል። ግን ከቀጠሮ ብዛት ይልቅ ጥግግቱ ሳይበልጥ አይቀርም። ፒም ኩይፐርስ የሚባል ሆላንዳዊ በ2013 የድብርት ጥናቶችን አሰባስቦ ሲያይ፣ በአጠቃላይ የቀጠሮው ብዛት ከውጤቱ ጋር ብዙ ግንኙነት የለውም። በሳምንት ስንት ጊዜ የሚለው ግን ነበረው። ከዚያ እዚያው ሆላንድ 200 ሰው ላይ ሞክረው በ2020 አሳተሙት። በሳምንት ሁለቴ የጀመሩት አንዴ ከጀመሩት ይበልጥ ተሻላቸው፤ ያቋረጡትም አነሱ። ስለዚህ አቅምሽ የሚችለው ስምንት ቀጠሮ ብቻ ከሆነ፣ ስምንቱን በሁለት ወር ጨርሺው። ስምንት ወር ላይ አትበትኚው። በወር አንዴ ስትገናኙ ግማሹ ሰዓት ያለፈውን ወር በማውራት ያልቃል። ማራራቅ የሚያምረው መጨረሻ ላይ ነው።

እንደ እኔ ቀጥዪ። ግን እንደ እስካሁኑ አይደለም። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ገና ስትገቢ፣ ወንበሩ ሳይሞቅ፣ እንዲህ በያት፦ «ታክሲው ተሻሽሏል። የአባቴ ነገር አልተነካም። የቀሩት አሥር ቀጠሮዎች ለምን ለምን ናቸው?» ጥሩ ባለሙያ በዚህ አትቀየምም። እኔ እንዲህ የሚለኝ ታካሚ ሲመጣ እፎይ ነው የምለው። ምናልባት ሰባቱን በሙሉ ታክሲው ላይ አውላችሁታል። ከሆነ ሐዘኑ «እንዳለ ነው» ማለትሽ አይገርምም፤ ገና አልተጀመረም። የተዘጋውን ክፍል ነግረሻታል? ለእኔ በጻፍሽው ውስጥ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። ለእሷ ካልነገርሽ በእሱ ጀምሪ።

ጠይቀሻት ግልጽ መልስ ካላገኘሽ፣ «እንግዲህ እናያለን» ብቻ ከሆነ፣ ያኔ ሌላ ባለሙያ ብታማክሪ አይፈረድብሽም። ሰባት ቀጠሮ ሙሉ ምንም ነገር ፈቅ ባይል ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። አምስት ስድስት ጊዜ ተገናኝቶ ቅንጣት ለውጥ ከሌለ፣ ዝም ብሎ መጨመር ሳይሆን ዘዴውን መቀየር ነው የሚሻለው። ከመቶው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ሰው እንዲያውም እየባሰበት ይሄዳል። እኛ ደግሞ ይህን በማየት ጎበዞች አይደለንም። በ2005 በታተመ አንድ ጥናት ባለሙያዎች ከ550 ታካሚዎቻቸው የትኛው ሊብስበት እንደሚችል ተጠየቁ። የጠቆሙት ሦስት ሰው ነው። የባሰባቸው 40 ነበሩ።

ለዚህ ነው ወረቀት ላይ መለካት የምወደው። ፒኤችኪው 9 የሚባል የድብርትን መጠን የሚለካ መጠይቅ አለ። ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 27። በአማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ውስጥ ተፈትሿል። ባለሙያሽን ጠይቂያት፣ በየሁለት ሳምንቱ ሙዪው፣ ቁጥሩን ስልክሽ ላይ መዝግቢው። አምስትና ከዚያ በላይ ከወረደ እውነተኛ ለውጥ ነው። አንድ ሁለት ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጪ። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ መሞት ሐሳብ ነው። እሱ ላይ ከዜሮ በላይ ከሞላሽ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፤ የዚያኑ ቀን ለባለሙያሽ ወይም ለሐኪም ንገሪ፣ ብቻሽንም አትሁኚ።

ጠበሉን ከቴራፒው ጋር አታጣይው። እናትሽ ሂጂ ካሉሽና ልብሽ ከፈቀደ ሂጂ። ሐኪም ያዘዘልሽ መድኃኒት ካለ ብቻ እንዳታቋርጪ። ቴራፒውን በቃኝ የምትዪ ከሆነም ስልክ አጥፍተሽ አትጥፊ። አንድ የመጨረሻ ቀጠሮ ያዢና ተሰናብተሽ ውጪ። እዚያ ላይ ፍርሃቱ ቢመለስ ምን እንደምታደርጊ ትነጋገራላችሁ። ያ ሰዓት ከሁሉም ቀጠሮ ይልቅ ገንዘቡን የሚያወጣበት ጊዜ አለ።

ለእናትሽም ቁርጡን መንገር ትችያለሽ። 12ኛው ላይ ትገመግማላችሁ። ነገሩ በደንብ ከሄደ ከዚያ በኋላ ያሉትን በየሁለት ሳምንቱ ማድረግ ይቻላል፤ ካልሄደ በየሳምንቱ ይቀጥላል። አሥሩ በየሳምንቱ ከሆነ ሁለት ወር ተኩል አይሞላም። በእሳቸው አቆጣጠር አሥር ሱባኤ መሆኑ ነው።